ስለ አራቱ አሳታፊ አውደ ጥናቶችና ስለ ጠየቅኋቸው ሁለት ቀናት

ለክቡር ዬርሙካን
የካርታ ሥራ ድርጅታችን ዋና ዳይሬክተር
ሺምከንት

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ፣ ቤተሰብዎና ከብትዎ እንዴት እንደሰነበቱ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ባለፈው ሳምንት በቢሮው መተላለፊያ ከት ብለው ሲስቁ ስላየሁዎ ስለ ጤናዎ እንኳ ብዙም አልሰጋም።

ግማሹን ሳምንት ከቢሮ፣ ግማሹን ከቤት የምንሠራበትን አዲስ አሠራር "ከላይ አልጭንባችሁም፤ እናንተው ተወያይታችሁ ትወልዱታላችሁ" ብለው አራት አሳታፊ አውደ ጥናቶች ስላዘጋጁልን ምስጋናዬ ወደር የለውም። ከአልጋ የማትነሳ እናቴን የምትጠብቅልኝ ጎረቤት ማክሰኞና ሐሙስ ስለማትገኝ፣ እነዚያን ሁለት ቀናት ብቻ ከቤት ልሥራ ብዬ በየካቲት ማመልከቴን ያስታውሱ ይሆናል። ውይይቱ እስኪያልቅ ጠብቂ አሉኝ፤ ጠበቅሁ። ቅሬታዎቼ የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ. በመጀመሪያው ቀን ማንም አፉን ሳይከፍት የሁላችንን ታላቅ፣ ሽማግሌውን ቶክሳንባይን አስነስተው አስመረቁን። ሽማግሌ መዳፉን ዘርግቶ ከመረቀ፣ እኛም ፊታችንን ዳብሰን አሜን ካልን ነገሩ አለቀ፤ ከዚያ ወዲያ የሚከራከር ባለጌ ነው። ምርቃት የሸንጎ መዝጊያ መሆኑን የማያውቅ የአገራችን ሰው የለም። እሳቸውም በቅንነት ወደ እርስዎ እያመለከቱ "ልጃችን ያሰበው ይቅና!" አሉ፤ ሠላሳ አንድ ሰው አሜን አለ። ወዲያው እርስዎ "በሉ እንግዲህ፣ በነጻነት ተወያዩ" አሉን። እርስዎ ያሰቡት ከቤት መሥራትን ለክፍል ኃላፊዎች ብቻ መፍቀድ እንደነበር የገባን በአራተኛው ቀን ነው።

2ኛ. ሐሳባችንን በቢጫ ወረቀት ጽፈን ግድግዳ ላይ እንድንለጥፍ ታዘዝን። እኔ "ማክሰኞና ሐሙስ፤ እናቴ ብቻዋን ናት" ብዬ ለጠፍሁ። ከዋና ከተማ ያስመጧቸው አሰልጣኝ አነበቡና "እህቴ፣ ይሄ እኮ ችግር ነው፤ እኛ የምንፈልገው ራእይ ነው!" ብለው ነቀሉት። መልስ ልሰጥ ብድግ ስል ባልደረባዬ ጉልሻት "አርፈሽ ቁጭ በይ፣ ተመርቆ አለቀ እኮ" ብላ ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

3ኛ. አራተኛው አውደ ጥናት ሐሙስ ዋለ። ሐሳባችን እንዳይበታተን ስልካችን በር ላይ በቅርጫት ተሰበሰበ። "ቤት ለእኔ ምንድን ነው?" ለሚለው ጥያቄ በቡድን ሥዕል ስንሥል እናቴ ከአልጋዋ ወድቃ ወለሉ ላይ ነበረች። አሥራ አንድ ጊዜ ደውላልኛለች። ስደርስ ስልኩን እንደጨበጠች እጇ ቀዝቅዞ ነበር። ተናድጃለሁ፣ ክቡርነትዎ፤ ይህን በጨዋ ቃል የምልበት መንገድ አላገኘሁም።

4ኛ. በመዝጊያው ግብዣ የበጉ ራስ ለእርስዎ ቀርቦ፣ እንደ ደንቡ ሁለቱንም ጆሮውን ቆርጠው ታላላቆቹን እንዲሰማ ብለው ለታናሹ ሠራተኛ እንደሰጡ ባልደረቦቼ ነገሩኝ። ምነው አንዱን እንኳ ለራስዎ ባስቀሩ።

ስለ ድካምዎ ሁሉ እያመሰገንሁ፣ ረጅም ዕድሜ እንዲሰጥዎ፣ በእርጅናዎም ዘመን አውደ ጥናት የሚወዱ ልጆች እንዲጦሩዎ ከልብ እመኛለሁ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ካርታ የሣለችልዎ ታዛዥዎ፣
ሪስኩል

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ሁለቱን ቀናት በልዩ አስተያየት የፈቀዱበት ደብዳቤ በእናቴ አርባ ዕለት ደርሶኛል። ማክሰኞውን ተቀብያለሁ፤ ልብሷን ለሰው የማድልበት ይሆነኛል። ሐሙሱን ግን መልሼልዎታለሁ፤ እናትዎ ገና በሕይወት አሉ ሲባል ሰምቻለሁ።