አባባ ዘንድ የምትደውለው አጀንዳ

ቅዳሜ፣ ረፋድ ላይ

የቤቱን ጌታ፣ የባባን፣ ረጅም ነጭ ቶብ እየተኮስኩ ነው። አንገትጌው ጋ ስደርስ ትናንት ትዝ አለኝና ካውያውን እዚያው ረሳሁት። ደግነቱ አልተቃጠለም። አልሐምዱሊላህ።

ትናንት ከጁምዓ ጀምሮ ስልኩ ላይ ተለጥፌ ዋልኩ። መጀመሪያ የስልክ ካርዱ መደወያ ቁጥር። ቀጥሎ ተፍቆ የሚወጣው ምስጢር ቁጥር። ቀጥሎ የአገር ቤቱ። አንዷን ከሳትኩ እንደገና ከመጀመሪያው። ሁሉንም በትክክል ስመታ ደግሞ መስመሩ ተይዟል። ጣቴ ደነዘዘ። አባባ እዚያ አገር ቤት የቴሌው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ቢሮው እስኪዘጋ ጠበቁኝ። ከቀበሌያችን እስከ ከተማው በእግራቸው መጥተው።

ዛሬ በማለዳ መስመሩ ወዲያው ገባ፣ ምን ዋጋ አለው። የቴሌዋ ልጅ ነገረችኝ። ለሚመጣው ዓርብም እመጣለሁ በያት ብለው ሄዱ አለች። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ደብተሬ፣ ነገሩን ታውቀዋለህ፤ ግን ስደግመው ይቀለኛል። ጀማል የዚህ የሪያድ ቤት ሾፌር፣ እኔ የዚህ ቤት ሠራተኛ። ልንጋባ ነው። ማዳም ደስ ብሏት ፈቅዳለች፣ በሩ አጠገብ ያለውን የሾፌር ክፍል ለሁለታችን ሰጥታናለች። ሼሁ ግን የአባቷን ውክልና በጆሮዬ ሳልሰማ ኒካህ አላስርም አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ወሊዬ፣ የሚድረኝ ሰው፣ አባባ ናቸው። አገር ቤት ደግሞ ክረምት እየገባ ነው። ከሚመጣው ዓርብ ወዲያ ወንዙ ይሞላል፤ አባባ እስከ መስከረም ወደ ከተማ አይሻገሩም።

ያለችኝ ያቺ ዓርብ ናት። ያላ፣ ወደ ቶቡ።

ሰኞ፣ ዐስር ሳይሰገድ

ሱብሓነላህ። የዛሬን ስማ።

የቤቱ ትልቅ ልጅ አዲስ የኪስ ኮምፒውተር ገዛና አሮጌዋን ለጀ. ሰጠው። (ጀ. ያው ጀማል ነው። ስሙን ሙሉውን ስጽፈው አፍራለሁ።) መዳፍ የምታክል ግራጫ ነገር ናት፣ ስም፣ ቀጠሮና ስልክ ቁጥር የምትይዝ አጀንዳ። በቀጭን ዘንግ እየነኩ ይጽፉባታል። አትቅና፣ ያንተን ቦታ አትወስድም።

ጀ. ለሙኒር አሳያት። ሙኒር የወሎዬዎች ልጅ ነው፣ እዚሁ ሪያድ ተወልዶ ያደገ። ዲራ አካባቢ ኮምፒውተር ቤት ይሠራል። አማርኛው ግማሹ ዐረብኛ ነው። ከኢንተርኔት አንዲት ፕሮግራም አውርዶ ጨመረባት። በነጻ። ቁጥሩን አንዴ ትጽፊባታለሽ፣ ከዚያ የስልኩን እጀታ አንስተሽ ታስጠጊያታለሽ፣ ስሙን ትነኪያለሽ። እሷ የቁልፎቹን ድምፅ ታሰማለች፣ ስልኩም በጣትሽ የተጫንሽው ይመስለዋል። ረጅሙን ቁጥር ሁሉ፣ ካርዱንም ምስጢሩንም፣ መሃል ላይ እየጠበቀች በአንድ ንክኪ።

አላመንኩም። ማዳምን አስፈቅጄ ሞከርኩ። ጢው ጢው ጢው አለች። ስልኩ ዝም። ደግሜ ነካሁ። ዝም። ጀ. ከበሩ ሆኖ አየኝና ግድግዳ ይዞ ሳቀ። ለካ በጆሮው በኩል አስጠግቻታለሁ። ድምፅ የሚወጣው በዚያ ነው ብዬ! ስልኩ የሚሰማው እኮ በአፉ በኩል ነው። ገልብጬ ያዝኩ። ካርዱ ተቀበለ። ኢትዮጵያ ጠራ። ማንም ሳያነሳ ዘጋሁና ወጥ ቤት ገብቼ ብቻዬን እልል አልኩ፣ ቀስ ብዬ።

ማክሰኞ፣ ከቁርስ በኋላ

ጀ. የነገረኝን ሳልጽፍ አላልፍም። ፕሮግራሟ ስትከፈት ከሠሪው የተጻፈ አጭር ነገር አለ፣ በእንግሊዝኛ። ሙኒር ነው ያነበበለት። ነጻ ናት ይላል። ከጠቀመችህ ካለህበት ከተማ ፖስት ካርድ ላክልኝ። ከሥሩ ስም የሌለው አድራሻ። በቃ።

የማን አገር ሰው እንደሆነ አላውቅም። አይቶኝ አያውቅም፣ ሰዓዳ የምትባል መኖሯን አያውቅም። የቁርሱን ሳህን እያጠብኩ ሳመሰግነው ቆየሁ።

ረቡዕ፣ ረፋድ

ልምምድ በዛ። የቴሌዋ ልጅ ጋ ሁለቴ ደውዬ ለዓርብ አስታወስኳት፤ ሰማን እህቴ፣ አታድርቂን አለች። ልክ ናት።

አጀንዳዋ ባትሪዬ ደክሟል የሚል ምልክት አሳየችኝ። ለዓርብ ልቆጥብላት ብዬ ባትሪዎቹን አወጣሁ። አባባ ሬዲዮናቸውን ሲዘጉ ባትሪውን ያወጣሉ። ሲደክም ፀሐይ ላይ ያሰጡታል፣ ዜና ሰዓት ሲደርስ ይመልሱታል፣ ይሠራል። እኔም መስኮቱ ደፍ ላይ አሰጣኋቸው። መቼም የሪያድ ፀሐይ አይሰስትም።

በራሴ ኮራሁ።

ሐሙስ፣ ከመግሪብ በኋላ

ባዶ ናት።

ባትሪዎቹን መለስኩ፣ በራች። ግን እንደ አዲስ ሰዓቱ ስንት ነው ብላ ጠየቀችኝ። የአባባ ስም የለም። ቁጥሩ የለም። ፕሮግራሟ የለችም። የሰውዬው አድራሻም የለም። የሚደውልልኝ ብቻ ሳይሆን የማመሰግነውም ጠፋብኝ።

ጀ. ሙኒር ጋ ደወለ። እሷ ያለ ባትሪ ምንም አታስታውስም አለ ሙኒር፣ አዲስ እስኪገባላት ለአፍታ ነው የምትታገሰው። ለምን አወጣሻቸው ብሎ ጠየቀኝ። የፀሐዩን ነገር ነገርኩት። ከዚያ ሲስቅ ሲስቅ፣ ጀ. ስልኩን ከጆሮው አራቀው። እኔ አለቀስኩ። ሳቁን አቋረጠ። አታልቅሺ ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ አለ፣ ፕሮግራሟ ሱቁ ኮምፒውተር ላይ አለች። ግን ዓርብ ጠዋት ሱቁ ዝግ ነው፣ ቁልፉም አለቃው ጋ ነው። እለምነዋለሁ፣ ኢንሻአላህ አለ።

በዚህ አገር ስንት ኢንሻአላህ ሰምቻለሁ። የዛሬውን ግን ይዤው ልተኛ።

ዓርብ፣ ጠዋት

ቤቱ ተጠርጓል። ሩዙ ተነክሯል። ሙኒር አልመጣም። አባባ አሁን መንገድ ላይ ናቸው፣ ጫማቸውን አውልቀው ወንዙን እየተሻገሩ ይሆናል።

ጀ. በእጃችን እንደውላለን ይለኛል። አውቃለሁ። ባለፈው ዓርብም በእጄ ነበር የደወልኩት።

ዓርብ፣ ጁምዓ ሊገባ ሲል

መጣ! ላብ በላብ ሆኖ። አለቃውን ከእንቅልፉ ቀስቅሶ ነው ቁልፉን የተቀበለው። አዲስ ባትሪ ይዟል። ቁጥሮቹን ራሱ ጻፈባት፣ አስነካኝ፣ ጢው ጢው አለች። የሰውዬውም ጽሑፍ ከነአድራሻው አለ። ምን ላድርግልህ ስለው ተቆጣ።

“ለእኔም በነጻ ነው የተሰጠኝ፣ እህቴ” አለኝ።

መስኮት አጠገብ እንዳታስቀምጫት ብሎ አሾፈብኝና ጀ.ን ይዞ ወደ መስጊድ።

ዓርብ፣ ከዐስር በኋላ

በጥድፊያ ነው የምጽፈው። ፊደሌን ታገሠኝ።

ማዳም የሳሎኑን ስልክ ከነረጅም ሽቦው አስወጣችልን። ሼሁ፣ ሙኒርና አንድ ሌላ ምስክር፣ ጀ. ጭምር ሾፌር ክፍል ተቀመጡ። እኔ አባያዬን ለብሼ በሩ ላይ። ማዳም ከኋላዬ። ጀ. እጀታውን ያዘልኝ፣ እኔ የአባባን ስም ነካሁ።

ተይዟል። ነካሁ። ተይዟል። ባለፈው ዓርብ እዚህ ላይ ነበር እንባዬ የመጣው። ዛሬ ጣቴ እንኳ አልደከመም። ነካሁ። ነካሁ። ጠራ።

የቴሌዋ ልጅ። ከዚያ ሳል። የአባባ ሳል! ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ ከፈትነው። ሼሁ ሰላምታ ሰጥተው፣ የአባባን ስም ከነአባታቸው ጠርተው ጠየቁ። አባባ ግን ለሼሁ አልመለሱም፣ መጀመሪያ እኔን ጠሩ።

“ሰዓዳ፣ ወደሽው ነው?”

“አዎ፣ አባባ።”

ከዚያ ለሼሁ ወክዬሃለሁ አሉ፣ ጮክ ብለው፣ ሽቦው ሩቅ ነው ብለው። ሼሁ ኒካሁን አሰሩ። አባባ ምርቃታቸውን ጀመሩ። አላህ ያግራላችሁ። ከክፉ ዐይን ይጠብቃችሁ። ወልዳችሁ ሳሙ። መዳፌን ዘርግቼ አሚን አልኩ፣ አጀንዳዋን መዳፌ ላይ እንደያዝኩ። አንዲት ቃል የማይገባት ማዳምም ከኋላዬ አሚን፣ አሚን ትላለች። ስዞር እንባዋን በሻርፗ ትጠርጋለች።

አባባ ሊዘጉ ሲሉ፣ ባለፈው ዓርብ እንቢ ያለው መስመር ዛሬ እንዴት እሺ አለ ብለው ጠየቁ። ነገርኳቸው። የማላውቀው ሰው የሠራት ናት፣ ለሁሉም በነጻ ሰጥቷታል አልኳቸው። ስሙን ጠየቁ። አላውቀውም አልኩ። አባባ እንደገና ምርቃት ጀመሩ።

“እኛ ባናውቀው አላህ ያውቀዋል። የሩቃችንን እንዳቀረበልን፣ የእሱንም ሩቅ ያቅርብለት።”

ሁላችንም አሚን አልን። መስመሩ ተቋረጠ። የካርዱ ሰዓት አልቆ ይሁን አባባ ዘግተው አላውቅም። ግድ የለም። ሁሉም ተብሏል።

ቅዳሜ፣ ረፋድ

ቶብ እየተኮስኩ አይደለም። ማዳም ዛሬ አትንኪ አለችኝ።

ጀማል (ዛሬ ሙሉውን ጻፍኩት) ከዲራ ፖስት ካርድ አመጣልኝ፣ የመስመክ ምሽግ ሥዕል ያለበት። አድራሻውን ሙኒር ይጽፍበታል። እንግሊዝኛውንም እኔ ልጻፍልሽ አለ። እንቢ አልኩ። በአማርኛ ነው የምጽፈው፣ አስተርጓሚ ይፈልግ። እዚህ አንተ ላይ ልለማመድና ከዚያ እገለብጠዋለሁ። ቦታው ጠባብ ነው፣ ብዙ አይወስድም።

ወንድሜ ሆይ፣ ከሪያድ ነው የምጽፍልህ። አባቴ መርቀውሃል። አሚን በል።