በረደላት ያልናት ድመት

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። ጤናሽ እንዴት ከርሟል? ያ ጉልበትሽስ በናንተ በመቲ ከተማ ዝናብ አላስቸገረሽም? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ሙቀቱ ብቻ ነው። ሱቅ ውስጥ የደረደርኩት ሻማ ሳይለኮስ ጎብጧል። አንቺ ጋቢ ደርበሽ ይህን ስታነቢ እያሰብኩ ቀናሁ። ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ ድምፅሽን ስሰማ አፌ ስለሚያያዝብኝ ነው።

ከጉሬዛ ልጀምር። የሱቃችን ድመት ናት፤ ጥቁርና ነጭ ስለሆነች በናንተ ጫካ ጉሬዛ ስም ጠራናት። አይጥ ትይዛለች፣ ደሞዟን ግን ራሷ ከሣህኔ ላይ እየሰረቀች ትወስዳለች። ባለፈው ሳምንት ከሰፈር ድመት ጋር ተናክሳ ታፋዋ ላይ ቆሰለች። ቁስሉ ቶሎ ደረቀ። ከላይ ደርቆ ከውስጥ መግል መቋጠሩን ማን ያውቃል?

እሁድ ምግብ ተወች። ከሩዙ ጆንያ ጀርባ ገብታ ተኛች፤ ጆሮዋን ብነካው ይፋጃል። የጋምቤላ ሰው ምን ያደርጋል? ያው እርጥብ ጨርቅ ነው። ሰኞ ጠዋት ስዳስሳት ቀዝቅዛለች። ደስ አለኝ። ባለቤቴ ፈረጅም አይቶ፣ በረደላት፣ እንዳትቀሰቅሻት አለኝ። ጨርቁን እንደገና ነክሬ ደረብኩላት።

ኛሩዋይ ሳሙና ልትገዛ ባትመጣ አብቅቶላት ነበር። ኛሩዋይ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናት፤ ከከብት ጋር ያደገች፣ ቀልድ የማይገባት ሴት። ድመቷ በረደላት ብላት ጨርቁን አንስታ ወረወረችው። ከንፈሯን ገልጣ ድዷን አየች፤ ወረቀት መስሏል። መዳፏ በረዶ ነው። ልቧን አዳመጠችና፣ የውሻ ልብ ቢሆን ይሮጥ ነበር፣ የድመት ልብ ግን ሲብስባት ይዘገያል አለችኝ። ከማይለያት የሥራ ቦርሳዋ መለኪያ አውጥታ ሙቀቷን ብትለካ ሠላሳ አምስት ተኩል። ሱቁ ራሱ አርባ ነው! ይሄ መዳን አይደለም፣ ቁስሉ ደም ውስጥ ገባ፣ ሰውነት መዋጋት ተወ፣ ስሙ ሴፕቲክ ሾክ ነው አለች።

የፊት እግሯን ጠጉር ላጭታ የደም ሥሯን ፈለገች፤ በሦስተኛው ሙከራ ተገኘ። ግሉኮሱን ለብ አድርጋ በትንሽ በትንሹ ሰጠቻት፤ ብዙ ከፈሰሰ ሳንባዋን ይሞላዋል ብላ። የቁስሉን መድኃኒትም በዚያው በደም ሥሯ አስገባችላት። መግሉን የከፈተችው ድዷ ቀላ ካለ በኋላ ነው። እኔ በዚያ ቃጠሎ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ እየሞላሁ፣ ድመት በብርድ ልብስ እጠቀልላለሁ። ደንበኞቼ አበደች ብለው ሣቁ። መግሪብ ሲቃረብ ጉሬዛ ቀና ብላ አጉረመረመችብኝ፤ እኔም አለቀስኩ። ዛሬ ወደ ስርቆቷ ተመልሳለች።

ኛሩዋይ ዕቃዋን ስትሰበስብ፣ ሰውም እንዲህ ይሆናል ወይ ብዬ ጠየቅኳት። አራስ ልጅ ይሆናል፣ አንዳንዴ አይተኩስም፣ ይቀዘቅዛል አለችኝ። የከብት ሐኪም ስለ ሰው ምን ያውቃል ብዬ ልተወው አሰብኩ፤ አልሆነልኝም። ጤና ጣቢያ ሄጄ ጠየቅኩ። ያው ነው አሉኝ።

እህቴ፣ የልጅሽን የአብራርን ነገር ልንገርሽ፤ አላህ በጀነት ያኑረው። በተወለደ በአሥራ ሁለተኛ ቀኑ፣ ሲፋጅ አድሮ ረፋዱ ላይ ሲቀዘቅዝ፣ በረደለት፣ አንቺም ጋደም በይ ብዬ ያስተኛሁሽ እኔ ነኝ። ሐኪም ቤት ልትወስጂው ባጃጅ አስጠርተሽ ነበር። ስትነቂ ባጃጁ አልመጣም አልኩሽ። ይኸው ስድስት ዓመት፣ ባልተኛ ኖሮ በእግሬም እወስደው ነበር እያልሽ ራስሽን ትረግሚያለሽ። እኔም አጠገብሽ ተቀምጬ የአላህ ቀደር ነው እያልኩ አጽናናሁሽ።

ባጃጁ መጥቶ ነበር። በራችን ላይ ቆሞ ጡሩምባ ሊነፋ ሲል፣ እንዳይቀሰቅሳችሁ ብዬ ሮጬ ወጥቼ የመለስኩት እኔ ነኝ።

ያን ቀን አላወቅኩም ነበር። ዝም ያልኩት ግን እያወቅኩ ነው።

አፉ በይኝ ለማለት አልደፍርም። መልስ ባትጽፊልኝም ይገባኛል። ብቻ ከዛሬ ጀምሮ ያችን እንቅልፍሽን አትርገሚያት። አላህ ልብሽን ያሳርፍልሽ፤ ዕድሜሽን ያርዝምልሽ።

ታናሽ እህትሽ
ጋምቤላ፣ ኒውላንድ