ዱዓን ከድምፅ የለዩት የውኃ አባት

አቶ ሽፈራው በላይ ከአባታቸው ከአቶ በላይ ወልደ ሚካኤልና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፋናዬ ደስታ በ1897 ዓ.ም. በይፋት፣ በቀወት ምድር ተወለዱ። ፊደል የቆጠሩት በደብሩ የኔታ ዘንድ ነው። ዳዊት ሳይደግሙ ግን ሞፈር ጠራቸውና በሸዋ ሮቢት ቆላ ከአባታቸው ጋር ማሽላ ማረስ ጀመሩ። በ1922 ዓ.ም. ወይዘሮ እቴነሽ ተክሌን አግብተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል።

መሬታቸው የሮቢ ወንዝ መስኖ ጭራ ላይ ነበር። በጠላት ዘመን ሹሞቹ ውኃውን ከላይ ለወዳጆቻቸው ስለጠለፉት ማሽላቸው በቁሙ ደረቀ። እርሳቸውም ቤታቸውን ለማኖር ጣርማ በር ላይ ለጣሊያን መንገድ ድንጋይ ሲፈልጡ ከረሙ። ይህን ሲያስታውሱ ያንገበግባቸው ነበር።

በሚያዝያ 1933 ዓ.ም. ጠላት ከሸዋ ሮቢት ወጥቶ ገና ደሴ ላይ ሲዋጋ፣ መንግሥት እስኪደራጅ አገሩን የሚዳኝና ውኃ የሚያካፍል ሰው ሕዝቡ ራሱ እንዲመርጥ ተባለ። ምርጫውን እንዲያግዝ አንድ እንግሊዛዊ መኮንን ከአስተርጓሚ ጋር መጣ። ለሹመቱ የታጩት አቶ ሽፈራውና ነጋዴው ሐጂ ሁሴን ኢብራሂም ነበሩ። አቶ ሽፈራው ሹመቱን አጥብቀው ይፈልጉት ነበር፤ ውኃ ወደ ማሳቸው የሚወርደው በዚያ ብቻ መስሏቸዋል።

አስተርጓሚው «ሽፈራውን የምትደግፉ እጃችሁን አንሱ» ቢል፣ ሙስሊሙ ለዱዓ የተጠራ መሰለው። ከሕዝቡ መካከል ሼህ ሷሊሕ ምርቃቱን ጀመሩ፤ ሰዉ ሁለት እጁን ዘርግቶ «አሚን» አለ። ክርስቲያኑም ጎረቤት ሲመርቅ እጅ አጣጥፎ መቆም ነውር ነው ብሎ አብሮ ዘረጋ። መኮንኑ እንዲህ ያለ ስምምነት አይቶ አያውቅምና ደስ ብሎት አቶ ሽፈራውን ሊጨብጥ እጁን ሰደደ።

እርሳቸው ግን እጃቸውን ሰበሰቡ። «ይኼ ዱዓ ነው እንጂ ድምፅ አይደለም። ሐጂ ሁሴን ራሳቸው እንኳ አንሥተውልኛል» አሉ።

ሐጂ ሁሴንም «ወላሂ፣ ለሰው ደግ መመኘት መሸነፍ መሆኑን ማን ነገረኝ?» ብለው ሳቁ።

እንደገና ድምፅ ሲሰጥ፣ ለሽፈራው ማሽላ፣ ለሁሴን ማሾ ፍሬ በእንስራ ተጣለ። ማሾው በለጠ። አቶ ሽፈራው ዕድሜ ልካቸውን «ጋሼ ሽፈራው፣ የደረሰ ማሽላ ለወፍ ትተው ገቡ» እየተባሉ ተቀልዶባቸዋል።

ሐጂ ሁሴን ግን «እጁ የገባውን ያልወሰደ ሰው ውኃ አይሰርቅም» ብለው የመስኖውን ተራ የሚያካፍል የውኃ አባት አደረጓቸው። ውኃውም በተራ እስከ ጭራው ወረደ። የራሳቸው ማሳ ከሁሉ በኋላ ይጠጣ ስለነበር ወይዘሮ እቴነሽ እስከ ዛሬ ይቆጣሉ። እኛ ልጆቻቸው ግን እንኮራበታለን።

አቶ ሽፈራው ባደረባቸው የትንፋሽ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው የካቲት 9 ቀን 1964 ዓ.ም. በተወለዱ በ67 ዓመታቸው ዐርፈዋል። ባለቤታቸውን ወይዘሮ እቴነሽን፣ ልጆቻቸውን ተፈራን፣ ወይንሸትንና ሙሉን፣ እንዲሁም የልጅ ልጆቻቸውን ትተውልናል።

ሐጂ ሁሴንም በምርኩዝ ተደግፈው ለቀብሩ መጥተው፣ ከአጥቢያው ሙስሊሞች ጋር ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ መዳፋቸውን ዘርግተዋል። ለተጠማ ማሳ ውኃ ያደረሰችውን ነፍስ እግዚአብሔር በዕረፍት ውኃ ዘንድ ያኑርልን። ዛሬ እጅ የተነሣላቸው ለዱዓ ነው፤ አባታችን ቢሰሙ ኖሮ ዝም ብለው ይቀበሉት ነበር።