ለመርማሪው ያዋስኩት አነጋገር

ጥር 14 ቀን 1992 ዓ.ም.

የልብስ ሰፊው የጋሽ ሞላ ሱቅ ዛሬም ባዶ ነበር።

በቪዲዮ ቤቱ የድሮውን የስለላ ተከታታይ ፊልም እያስቆምኩ ለተመልካቹ በአማርኛ የማስረዳው እኔ ነኝ። ሻይ እየቀዳ ሰው የሚያሰቃየውን መርማሪ፣ ባለፈው ቅዳሜ ጋሽ ሞላ ደንበኛ ሲለኩ በሚናገሩት ለስላሳ አነጋገር ተረጎምኩት፦ «አይዞህ የኔ ጌታ፣ ቀና በል።» ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ ወዲህ ሰው በበራቸው ሲያልፍ «ጋሼ፣ ዛሬስ ማንን ሊያናዝዙ ነው?» እያለ ይስቃል እንጂ ልብስ ሊያሰፋ አይገባም።

«አንተ እንኳ መጣህልኝ» አሉኝ፣ ለሱሪ ሊለኩኝ ሜትሩን በወገቤ እያዞሩ። «ምን ብበድላቸው ነው የሚሸሹኝ?»

ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። እሳቸው ግን ለልኩ ቀጥ ብዬ እንድቆም ቀደሙኝ፦

«አይዞህ የኔ ጌታ፣ ቀና በል።»

ደጅ ቆመው ያዩን የነበሩ አላፊ አግዳሚዎች በሳቅ ፈነዱ። እኔም ሳቄ አመለጠኝ። ሜትሩን ከወገቤ ፈትቼ ወጣሁ።