የአጨዳውን ቀን ለምትቆርጪው ለአንጓች

አንጓች፣

ከተለየሽኝ ሁለት አጨዳ አለፈ። የሦስተኛው ሰሊጥ አሁን አብቦ ቆሟል። ለሞተ ሰው ደብዳቤ አይጻፍም ይሉኛል። ፊደልን ያለ አስተማሪ፣ ከአረም መድኃኒት ጠርሙስና ከትራክተር መመሪያ ላይ ለቅሜ የተማርኩት እኔ ነኝ። ለማን እንደምጽፍም ማንም አይነግረኝም።

ቤቱ እንዳለ ነው ብልሽ ውሸት ይሆናል። ካርካዴሽን ፍየል ጨረሰው። ከኒሟ ዛፍ ሥር ያለው የገመድ አልጋሽ፣ አንገረብሽ፣ ገመዱ ላልቷል። ሊያጠብቁልኝ የመጡትን መለስኳቸው፤ ያላላው የአንቺ ገላ ነው፣ እንዳለ ይቆይ። ከድንበሩ ማዶ ጦርነት ከገባ ወዲህ ሰው ልጁን አዝሎ በገላባት በኩል ይሻገራል። አንቺ ብትኖሪ ግቢያችን በሰው ይሞላ ነበር። እኔ ውሃ እሰጣለሁ፤ ማጽናናት አልችልበትም፣ ታውቂያለሽ። ልጆቹ ጎንደር መጥተህ ከእኛ ጋር ኑር ይሉኛል። አልሄድም።

ለመጻፍ የተነሳሁት የወንድምሽን የዋኘውን ነገር ልነግርሽ ነው። የአንቺን ሳልጽፍ ግን የእሱ አይጻፍልኝም።

የአጨዳውን ቀን የምትቆርጪው አንቺ ነበርሽ። ጎረቤቱ ሁሉ እኔ የቆረጥኩት እየመሰለው ኖሯል። በጠዋት ማሳው ውስጥ ገብተሽ፣ አገዳውን ጎንበስ አድርገሽ፣ ዘሩን የያዘውን የታችኛውን ኮሮጆ ታዪ ነበር። ላዩ ገና አረንጓዴ ሳለ የታችኛው ቢጫ ማለት ሲጀምር «ነገ» ትያለሽ። ሌላው ይድረቅ ብሎ ሲጠብቅ ኮሮጆው ተሰንጥቆ ዘሩ መሬት ላይ ይረግፍበታል። የእኛ ግን ታስሮ፣ ነዶው ተደግፎ በሚቆምበት ሂላ ላይ በሰላም ይደርቃል።

በሽታው በአንቺ ላይ ሲጀምር ግን ያየ የለም። ከሆድሽ ተነስቶ ጀርባሽን ሲወጋሽ ወባ ነው አልን። እዚህ አገር የታመመ ሁሉ ወባ ነው፤ ወባ ካልሆነ ካላዛር ነው። ምግብ ሲያስጠላሽና ቀሚስሽ ሲሰፋሽ ሙቀቱ ነው አልን። ዓይንሽ ቢጫ ሲሆን ደግሞ የወፍ በሽታ ነው ተባለ፤ የሥር መድኃኒት ከሽንፋ አስመጥተን ጠጣሽ። ጎንደር ስንደርስ ዶክተሯ፣ በዕድሜ ልጃችን የምትሆን ልጅ፣ የቆሽት ካንሰር ነው አለች። ቆሽት ሰው ሲናደድ አረረ የሚለው ነገር እንጂ ሆድ ውስጥ የት እንዳለ አላውቅም ነበር። ወደ ጉበትሽ አልፏል፣ ተቀዶ የሚወጣበት ጊዜ አልፏል አለች። ከእኔ ቀድሞ የገባው ለአንቺ ነው።

«ተሰንጥቋላ» አልሻት።

እሷ አልገባትም። እኔ ገባኝ፤ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ይቅርታ እንድጠይቅሽ አትጠብቂ፣ አልጠይቅም። ያላወቅሁትን አላጠፋሁም። ግን ዕድሜያችንን ሙሉ ቢጫ ሲመጣ ቀድመን ስንደርስ ኖረን፣ ዓይንሽ ላይ ሲመጣ መዘግየታችን ይቆረቁረኛል። እንቅልፍ የሚነሳኝ ይህ ነው።

ያን ቀን ዶክተሯ በቤተሰቡ እንዲህ የሞተ አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አባትሽን አነሳሁ፤ ከስተው፣ ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ፣ ወባ ነው ብለን የቀበርናቸውን። ደነገጠች። ወንድም ካላት ጠብቁት አለች። ያለ ምክንያት ከከሳ፣ ወይም ስኳር ኖሮበት የማያውቅ ሰው በዚህ ዕድሜ በድንገት ከጀመረው፣ ቶሎ አምጡት፤ በጊዜ ከተገኘ ተስፋ አለው አለች። እኔ የሰማሁትን አልረሳም።

አምና ሰሊጡ ሊደርስ ሲል ዋኘው ውሃ አልጠግብ አለ። ሸሕዲ ጤና ጣቢያ ስኳር ነው ብለው ክኒን ሰጡት። ሱሪውን በሲባጎ አስሮ ትራክተሩ ላይ ሲወጣ አየሁትና ጎንደር እንሂድ አልኩት።

«ጋሼ፣ ማዶ በጦርነቱ ስኳር ተወዷል አሉ፤ ይልቅ እኔን ተሸክመው ይሽጡኝ» አለኝ።

የቀን ሠራተኞቹ በሳቅ ፈረሱ። የትራክተሩን ቁልፍ ነቅዬ ኪሴ ከተትኩ።

«ሰሊጡ ይረግፋል እኮ! የእርስዎም የእኔም!»

«ይርገፍ።»

«እርስዎ ድንጋይ ነዎት! እህቴ እንዴት ቻለችዎት?»

«ተሳፈር» አልኩት።

መንገዱ ተዘግቶ ሸሕዲ ላይ ሰነበትን፤ እሱ እያኮረፈ፣ እኔ ኪሴን እየዳበስኩ። ሠራተኞቹም አሠሪ ሲያጡ ወደ ሌላ እርሻ ሄዱ። ጎንደር ስንደርስ ያቺው ዶክተር አወቀችኝ። አንቺን ባየችበት ማሽን እሱን አየችው። እሱም ላይ አለ። ግን ትንሽ ነው፣ ገና ከቆሽቱ አልወጣም አለች። አዲስ አበባ ላከችን፤ እዚያ ቀደው አወጡለት። ኬሞ የሚሉትንም ጨርሷል። ተስፋ አለው አሉኝ እንጂ ድኗል አላሉኝም። የሚበላው ትንሽ ትንሽ ነው፣ ለስኳሩ መርፌ ይወጋል። ስድቡ ግን ተመልሶለታል፤ ሲሰድበኝ ደስ ይለኛል።

ሰው አተረፍከው ብሎ ሲያመሰግነኝ ግን ጥዬ እሄዳለሁ። ዋኘው ሲስቅ ጥርሱ የአንቺ ነው። ለእሱ የተገኘችው ቀን ለአንቺም ነበረች፤ በመካከላችን ስታልፍ ያወቃት የለም። ይህን በአፌ ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ስንመለስ ሁለቱም ማሳ ረግፎ ነበር። የእኔን ገብቼም አላየሁትም። ቀጥታ ወደ አንቺ መጣን፤ ዋኘው መቃብርሽ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ፣ እኔ ቆሜ ጠበቅሁት። ጥቂት ዘር የቀረችበት አንድ አገዳ ከመንገድ ነቅዬ ይዤልሽ ነበር፤ ራስጌሽ አስቀመጥኩት።

ዘንድሮ ዝናቡ ሲገባ ያቺ ዘር በቀለች። ቄሱ «መቃብር እርሻ ሆነ እንዴ? ንቀለው እንጂ!» አሉኝ። አልነቅልም አልኩ። ወገቤ ደርሷል፣ አበባው ነጭ ነው። ትናንት ጎንበስ አድርጌ የታችኛውን ኮሮጆ አየሁ። ገና አረንጓዴ ነው።

የሰውንም ዓይን እንዲሁ አያለሁ። የከሳ ሰው አግኝቼ ወባ ነው ሲሉኝ አልቀበልም፤ ጎንደር ሂድ፣ ሆድህን ይዩህ እላለሁ። ሽማግሌው አበደ ይሉኛል፤ ይበሉ። እስክከተልሽ ድረስ አንቺን የማስታውሰው እንዲህ ነው።

ኮሮጆው ቢጫ ማለት ሲጀምር ማጭዴን ይዤ መጥቼ አጠገብሽ እቀመጣለሁ። ቀኑን ግን እኔ አልቆርጥም። «ነገ» እስክትይኝ እጠብቃለሁ።

ባልሽ ፈንታሁን