ከተረከዝሽ የወጣው ናሙና

ውድ እታለም፣

ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ደውዬ፣ ሦስቴም ስለ ልጆቹ ጠይቄሽ ዘጋሁት። ፊትሽን እያየሁ መናገሩንማ ተይው፣ አልችለውም። እስከ መጨረሻው ሳታነቢው እንዳትጥዪው፣ አደራ።

ያ ጥቁር ምልክት ከተረከዝሽ ተቆርጦ በወጣ በሳምንቱ አንድ ናሙና ወደ እኛ ላቦራቶሪ መጣ። ናሙና ላይ ስም አይጻፍም፤ ቁጥር ብቻ ነው። ሥራዬን ታውቂዋለሽ፣ «የሴል ጆሮ ቆጣሪ» እያልሽ ስትስቂብኝ ኖረሻል። በቆዳ ካንሰር ሴሎች ገላ ላይ እንደ ጆሮ የሚያገለግሉ፣ ተቀባይ የምንላቸው ነገሮች አሉ። ከውጭ «ተነሺ፣ ሂጂ» የሚል መልእክት በእነሱ በኩል ሲደርሳት ሴሏ ካለችበት ለቃ ትጓዛለች። የዚያ ናሙና ሴሎች ተቀባይ በተቀባይ ነበሩ። በምናሳድግበት ሳህን ላይ የጫርነውን ክፍተት ባንድ ቀን ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ተሻገሩ። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ሲገኝ ቅጽል ስም ይወጣለታል። «ሯጯ» ብዬ ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ ተጨበጨበልኝም። አለቃዬ ትከሻዬን መታ መታ ሲያደርገኝ ደስ አለኝ፣ እታለም።

ከሰዓት በኋላ ከናሙናው ጋር የመጣውን ቅጽ ሳገላብጥ፣ ሴት፣ አርባ አራት ዓመት፣ ግራ ተረከዝ ይላል። የተቆረጠበት ቀንም ያንቺ ቀን ነው። ክው አልኩ። የናሙና ባለቤት መፈለግ ክልክል ነው ብዬ ከደንቡ ጀርባ ተደበቅኩና ትንፍሽ ሳልል ቀረሁ።

ብዙም ሳይቆይ ደወልሽ። ሐኪምሽ፣ ከእግር የተነሣ ካንሰር ቀድሞ የሚያርፍበት የብሽሽትሽ ንፍፊት ይመርመር ማለቷን ነግረሽኝ፣ «አንተ የተማርከው፣ የግድ ነው እንዴ?» አልሽኝ።

«የግድ አይደለም፣ አትጨነቂ» አልኩሽ።

የግድ ነው ብልሽ፣ በምን አወቅህ ትይኛለሽ ብዬ ፈርቼ ነው። አንቺም አምነሽኝ ቀጠሮውን ሰረዝሽ። ይኸው ሁለት ወር ሞላው። ቆመሽ ያሳደግሽኝ ልጅ ነኝ፣ ገመናዬን ለመሸፈን ስል የዋሸሁሽ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ።

ትናንት ለአለቃዬም ለሐኪምሽም ሁሉን ተናገርኩ። ከሥራ ያባርሩኝ ይሆናል፣ ያባርሩኝ። ሐኪሟ የእኛ ቆጠራ ሟርት እንዳልሆነ፣ ተሰራጭቷል አልተሰራጨም የሚለውን የሚያሳየው ምርመራው ብቻ እንደሆነ ነግራኛለች። ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ትጠብቅሻለች።

እንድመጣ ካልፈለግሽ አልመጣም። ዳግመኛ ባታናግሪኝም እውነትሽን ነው። ብቻ ሂጂ፣ እንዳትቀሪ፤ የግድ ነው ወይ ብለሽም እኔን አትጠይቂ፣ እሷን ጠይቂ።

ያሳፈርኩሽ ታናሽሽ