ተራራ የወጡ ሰባት ዝንቦች

መጋቢት 3
ዛሬም እግር ስቆርጥ ዋልኩ። የዝንብ እግር። አንድ እግር ለአንድ ብልቃጥ፣ ቁጥር መጻፍ፣ መክደን። የዘር ምርመራው የሚሠራው ከዚያች ነው። እናቴ "ምን ስትሠራ ዋልክ?" ስትለኝ "ቢሮ ነበርኩ" እላለሁ። ምን ልበላት ታዲያ?

መጋቢት 5
ላይኛው ሸለቆ ሰባት የቆላ ዝንብ ተያዘ። ሁለት ዓመት ለፍተን ከዝንብ ያጸዳነው ሸለቆ... እህቴ የምትኖረው እዚያ ነው። አምና ይህች ዝንብ የምታስተላልፈው የእንቅልፍ በሽታ ይዟት ልብስ እያሰጣች ቆማ ታንቀላፋ ነበር። በስንት መከራ ዳነች። ዛሬ ደውላ "ዝንቦችህ ተመልሰው መጡ አሉ?" አለችኝ። ዝንቦችህ። የወለድኳቸው ይመስል።

አለቃዬ ዶክተሯ (ፊት ለፊት እርስዎ፣ እዚህ ግን እሷ) ዘራቸውን እንይ አለች። ከጽዳቱ የተረፉ ከሆኑ ከድሮዎቹ የሸለቆው ዝንቦች ጋር ይገጥማሉ። እንግዳ ከሆኑ ደግሞ ከተራራው ማዶ፣ ከታችኛው ሸለቆ ናቸው።

መጋቢት 12
ሰባቱም የታችኛው ሸለቆ ልጆች። ላይኛው ጋ አንድ ዘመድ የላቸውም።

ዶክተሯ ሰሌዳ ላይ በተራራው አናት የሚያልፍ ቀስት ሳለች። "ተራራውን መሻገር ከቻሉ ማጽዳቱ በወንፊት ውኃ መቅዳት ነው። ስብሰባው ላይ እንደዚያ ነው የማቀርበው።" ሥራው ይቀጥል አይቀጥል የሚወሰንበት ስብሰባ በ25 ነው። ከቀረበ የላይኛው ሸለቆ ሥራ ይዘጋል። እህቴስ? ልጆቿስ?

ግን የቆላ ዝንብ የተራራውን ብርድ እንዴት ቻለችው? ካፖርት ለብሳ?

መጋቢት 14
መዝገቡን አገላበጥኩ። ሰባቱም የተያዙት ወጥመድ ቁጥር አራት ላይ ነው። ለምን እዚያ ብቻ? ቁጥር አራት ያለው መኪናችንን የምናቆምበት ዛፍ ሥር... አይ። አይሆንም።

መጋቢት 15
ከታችኛው ሸለቆ ወደ ላይኛው ከሹፌራችን ጋር ሄድኩ። አባ ጥድፊያ ያልናቸው በዝግታቸው ነው፤ ኤሊ ያስቀድማሉ። የኋላው መስኮት ከተበላሸ ቆይቷል፣ አይዘጋም።

"ጋሼ፣ ትንሽ ፈጠን ቢሉ..."
"የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፣ ልጄ።"

ዳገቱ አጋማሽ ላይ አንዲት ዝንብ አንገቴን ነከሰችኝ። ዞር ስል አምስት ሆነው የኋላ ወንበር ላይ ተደላድለዋል። ሁለቱን ያዝኩ።

ስንደርስ ወርጄ መኪናውን አየሁት። ሰማያዊ። ወጥመዶቻችንን ሁሉ በሰማያዊ ጨርቅ የምንሰፋው ዝንቦቹ ቀለሙን ስለሚወዱት ነው። ቀስ ብሎ የሚሄድ ትልቅ ነገር ካዩ ደግሞ ከብት መስሏቸው ይከተሉታል። ይህን ለሰልጣኞች የማስተምረው እኔ ነኝ! አፈርኩ። ብቻዬን ቆሜ አፈርኩ።

መጋቢት 18
የሁለቱን እግር መረመርኩ። አንዷ ከሰባቱ የአንዷ እህት ሳትሆን አትቀርም። ቤተሰቡ በየተራ ነው የሚሳፈረው።

መጋቢት 20
ለዶክተሯ ልነግራት ገባሁ። ስለ አየሩ ሁኔታ አውርቼ ወጣሁ።

መጋቢት 22
እህቴ ደወለች። ትንሿ ልጇ ክፍል ውስጥ አንቀላፍታ ለምርመራ ወስደዋታል። ውጤቱ እስኪነገረን ስልኩን ከእጄ አላስቀመጥኩም። ነፃ ናት። ስትጫወት አምሽታ ነው አሉ... ግን እኔ አየር ሁኔታ ሳወራ ነበር።

ቀጥ ብዬ ገባሁ። "ዶክተር፣ ዝንቦቹ ተራራውን አልተሻገሩም።"
"እና?"
"እኛ ነን ያሻገርናቸው። በመኪና።"

ማስረጃዬን አንድ በአንድ አየች። ቀስቷን አየች። በመስኮት ወደ መኪናው አየች።
"ቀለሙን የመረጥኩት እኔ ነኝ" አለች። ቀስቱንም ራሷ አጠፋችው።

መጋቢት 25
ስብሰባው ላይ ቆማ "ዝንቦቹን ያጓጓዝናቸው እኛው ነን" አለች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሷም ሳቀች። ሥራው አይዘጋም። መኪናው ነጭ ይቀባል፣ መስኮቱ ይጠገናል፣ ተራራው ሥር ዝንብ እንዳይኖርበት ይፈተሻል። አባ ጥድፊያ ግን ተቀይመዋል። "ሠላሳ ዓመት ነድቼ የዝንብ ሹፌር ልባል?"

ሰኔ 2
ዛሬም ላይኛው ሸለቆ አንድም የለም። ሁለት ወር ሆነው። ለዶክተሯ ደወልኩ።
"ስንት?"
"ዜሮ።"
"ድገመው።"
አራት ጊዜ አስደገመችኝ።

ከሰዓት እህቴ ጋ ሄድኩ። ቤቱ ዝግ ነው። ጎረቤቷ "ወንዝ ናቸው" አለችኝ። ዝንቧን ፈርተው ወንዝ መውረድ ካቆሙ ሦስት ዓመት አልፏቸዋል። ሮጥኩ... ልጆቹ አንገታቸው ድረስ ገብተው ይራጫሉ። ትንሿን ለማውጣት ሦስት ሆነን ለመንናት። አልወጣም ብላ አለቀሰች።